ከርንዛ በሐበሻ ማዕድ ቤት፦ የስንዴ የዱር ዘመድ ፍሬና ዱቄት ሲመዘን

ጥቅሉ ቤት ደርሶ ስከፍተው አጠገቤ የነበረችው እናቴ ጥቂት ፍሬ መዳፏ ላይ አፍስሳ፣ በጣቷ ገለጥ ገለጥ እያደረገች ካየችው በኋላ «እንክርዳድ ነው እንዴ በገንዘብሽ የገዛሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ያለ ምክንያት አልነበረም። ፍሬው ቀጠን፣ ረዘም ያለና ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆን፣ ክብደቱ የስንዴ ፍሬን አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው፤ ስንዴ ስትለቅም ያደገች ሴት ከሰፌዱ እያወጣች ስትጥለው የኖረችውን ነገር የሚመስል እህል በሚያምር ከረጢት ታሽጎ፣ ያውም ከስንዴ በብዙ እጥፍ ዋጋ ተሽጦ ስታይ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። እንክርዳድ የበላ ሰው ራሱን እንደሚያዞረው ስለምታውቅም፣ የመጀመሪያውን ቂንጬ እኔ በልቼ አንድ ሰዓት እስኪያልፈኝ ድረስ እሷ አልነካችውም።

የእህሉ ስም ከርንዛ ነው። የምኖርበት የሚኒሶታ ግዛት ከርንዛ በገበሬ ማሳ ላይ ከሚመረትባቸው የአሜሪካ ግዛቶች አንዱ ሲሆን፣ ለገበያ የተዘጋጀው የመጀመሪያው ዝርያም የወጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ስለ እህሉ ከሰማሁ ቆይቻለሁ፤ ዋጋው ሲያስፈራኝ ኖሮ ባለፈው መኸር በበይነ መረብ ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ አንድ ከረጢት ፍሬና አንድ ከረጢት ዱቄት፣ እያንዳንዳቸው 454 ግራም፣ አዘዝሁ። ፍሬው ሲያልቅ ደግሜ ገዝቼ፣ በጠቅላላው ለሁለት ወር ያህል ቤታችን ውስጥ በሚበላው ነገር ሁሉ ሞክሬዋለሁ።

ከረጢቱ ላይ ያለው ሥዕል ስለዚህ እህል ያነበበ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ በአንድ በኩል የስንዴ ሥር፣ በሌላው በኩል ሦስት ሜትር ያህል ወደ መሬት የሚወርድ፣ እንደ ረጅም ጢም የተንዠረገገ የከርንዛ ሥር ይታያል። ሥዕሉ እውነተኛ ነው። ከሥዕሉ ሥር ሻጩ የጻፈው «በየዓመቱ መዘራት የማያስፈልገው ስንዴ» የሚለው ቃል ግን ስህተት ነው። ነገሩ ተራ የስያሜ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሆኖም ስንዴ ነው ብሎ ገዝቶ ድፎ የሚጋግርበት ሰው ያዝናል፤ እኔም አዝኛለሁ። ከርንዛ ስንዴ አይደለም፣ የስንዴ ዲቃላም አይደለም። በሳይንሳዊ ስሙ ቲኖፓይረም ኢንተርሚዲየም የተባለ፣ የተፈጥሮ አገሩ ከምሥራቅ አውሮፓ እስከ ምዕራብና መካከለኛው እስያ የሚዘልቅ፣ ወደ አሜሪካ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ለከብት መኖ የገባ የስንዴ የዱር ዘመድ ነው። ማዕድ ቤት ውስጥ የሚያሳየው ጠባይ ሁሉ፣ ደጉም ክፉውም፣ ከዚህ የዘር ሐረግ ስለሚመነጭ፣ ወደ ምጣዱ ከመሄዴ በፊት እህሉ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማስረዳት ይኖርብኛል።

በየዓመቱ ሳያርሱና ሳይዘሩ እህል ለማጨድ የተመኙ ሰዎች ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ስንዴውን ከዱር ዘመዱ ጋር አዳቅሎ የስንዴን ፍሬና የሣሩን ዕድሜ በአንድ ተክል ላይ ማግኘት ነው። ሁለተኛው ስንዴውን ትቶ ሣሩን ራሱን መያዝና የጥንት ገበሬዎች በስንዴ ላይ ያደረጉትን በእሱ ላይ መድገም፣ ማለትም ፍሬው ከፍ ያለውን፣ ሲደርስ የማይረግፈውንና ሲወቃ ከሽፋኑ ቶሎ የሚለየውን እየመረጡ ትውልድ በትውልድ ማላመድ ነው። በከረጢቴ ውስጥ ያለው የሁለተኛው መንገድ ውጤት ቢሆንም፣ የመጀመሪያው መንገድ ያለበት ችግር ሳይታወቅ ሰዎች ለምን ወደዚህ እንደዞሩ አይገባም።

ስንዴ ከዱር ዘመዶቹ ጋር መዳቀሉ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ዳቦ የምንጋግርበት ስንዴ ራሱ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ባለ 28 ክሮሞሶም (ክሮሞሶም በሕዋስ ውስጥ ዘረ-መሎችን የሚሸከም ክር ነው) ስንዴ በማሳው ጥግ ከበቀለ ባለ 14 ክሮሞሶም የዱር ሣር ጋር ተዳቅሎ የተገኘ፣ ባለ 42 ክሮሞሶም ተክል ነው። ከርንዛ የተገኘበት ሣር ክሮሞሶምም 42 ነው። የቁጥሩ እኩልነት ግን አያግባባቸውም፤ ዲቃላው ከእናቱ 21፣ ከአባቱ 21 ተቀብሎ ያለ ችግር ሊበቅል ይችላል፣ ዘር የሚሰጥበት ጊዜ ሲደርስ ግን ክሮሞሶሞቹ ጥንዳቸውን ስለሚያጡ እንደ በቅሎ መካን ሆኖ ይቀራል። ባለሙያዎች ፅንሱን ሳይሞት ከአበባው አውጥተው በብልቃጥ ያሳድጉታል፤ ኮልቺሲን በተባለ ንጥረ ነገርም ክሮሞሶሞቹን እጥፍ አድርገው መካንነቱን ይቀንሱለታል። ከዚያ በኋላ ተክሉ በየትውልዱ ክሮሞሶም እየጣለ ይሄድና ብዙ ጊዜ የሚረጋው 56 ላይ ሲደርስ፣ ማለትም የስንዴው 42 በሙሉና ከሣሩ 14 ብቻ ሲቀሩ ነው። ለዓመታት የመኖር ጠባይ ደግሞ በአንድ ቦታ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሳይሆን በብዙ ዘረ-መሎች ላይ የተበተነ በመሆኑ፣ በእነዚያ በ14ቱ ላይ የቀረው ድርሻ ተክሉ ከታጨደ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እንዲያቆጠቁጥ ያበቃው ይሆናል እንጂ ዓመታትን አያሻግረውም። የሣሩ ድርሻ ከበዛ ተክሉ ይኖራል፣ ፍሬው ግን ይመነምናል፤ የስንዴው ድርሻ ከበዛ ፍሬው ይሞላል፣ ተክሉ ግን ይሞታል።

በሶቪየት ኅብረት ኒኮላይ ጺጺን የተባለው የእጽዋት ሊቅ በ1930ዎቹ በዚህ ማዳቀል ላይ ሲዘምት መንግሥት ከጀርባው ቆሞ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1980 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ በሞስኮ ዋናውን የእጽዋት ስፍራ እየመራ ሥራውን አልተወም። ከዲቃላዎቹ የወጡ የአንድ ወቅት ስንዴዎች ተዘርተዋል፤ ቃል የተገባለት ቋሚ ስንዴ ግን ወደ ገበሬው ማሳ ሳይደርስ ቀረ። በካሊፎርኒያም ሙከራው ተጀምሮ ተትቷል። በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከስንዴና ከሣሩ ዲቃላ የወጣ፣ ከታጨደ በኋላ መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ ሳሊሽ ብሉ የሚባል ሰማያዊ ፍሬ ያለው እህል አለ፤ ለማወዳደር ብዬ ብፈልገው ግን የሚሸጥልኝ አላገኘሁም። እንዲህ ስል ማዳቀል ጨርሶ የማይሆን ነገር ነው ማለቴ አይደለም። በሩዝ ሆኗል። የቻይናው ዩናን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የእስያን ሩዝ ለዓመታት ከሚኖር የአፍሪካ የዱር ሩዝ ጋር አዳቅለው ያወጡት ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበሬዎች ተለቋል፤ አንድ ጊዜ ተተክሎም በአራት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ታጭዶበታል። ሁለቱ ሩዞች እኩል 24 ክሮሞሶም ያላቸው ከመሆናቸውም በላይ ዝምድናቸው የቀረበ ስለሆነ ክሮሞሶሞቻቸው ይጣመራሉ፤ ስንዴና ሣሩ ያላገኙት ዕድል ይህ ነው።

ሁለተኛውን መንገድ የጀመረው በፔንሲልቬኒያ የሚገኘው ሮዴል ኢንስቲቲዩት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ወደ መቶ የሚጠጉ ቋሚ ሣሮችን መርምሮ ለሰው ምግብ የሚሆን ፍሬ ሊሰጥ ይችላል ብሎ የመረጠው ይህንኑ ሣር ነበር። ከ1988 ጀምሮ ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ጋር በኒው ዮርክ ግዛት ሲመረጥ የቆየው ዘር በኋላ ወደ ካንሳስ፣ ሳሊና ወዳለው ላንድ ኢንስቲቲዩት ተሻገረ። የዚህ ተቋም መሥራች ዌስ ጃክሰን፣ የካንሳስ የተፈጥሮ ሣር ሜዳ ሳይታረስ አፈሩን ጠብቆ ሲኖር አጠገቡ ያለው የስንዴ ማሳ ለምን አፈሩን እንደሚያጣ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው፤ ተቋሙንም እ.ኤ.አ. በ1976 ያቋቋመው ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነበር። በ2003 ሊ ዴሃን በተባለው የሰብል ማሻሻል ባለሙያ መሪነት አዲሱ ምርጫ ተጀመረ። አሠራሩ ለማስረዳት ቀላል፣ ለመሥራት ግን አሰልቺ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተክሎችን ማብቀል፣ ከእነሱ ጥቂቶቹን መምረጥ፣ የተመረጡትን እርስ በርስ ማዳቀል፣ ከዚያም እንደገና መጀመር ነው። ሣሩ በራሱ የአበባ ብናኝ የማይፀንስ ስለሆነ እንደ ስንዴ አንድ ወጥ የሆነ ዝርያ ማውጣት አይቻልም፤ በአንድ ማሳ ላይ ያሉ ተክሎች እንደ ወንድምና እህት ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይሆኑም። በከረጢቴ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች መጠንና ቀለማቸው የተለያየ መሆኑን ስመለከት መጀመሪያ ነጋዴው የቀላቀለብኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ተፈጥሮው ነው።

ከርንዛ የሚለው ስም የላንድ ኢንስቲቲዩት የንግድ ስም ሲሆን፣ ፍሬ የሚል ትርጉም ካለው ከርነል ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃልና የካንሳስ ስም ከተገኘበት ኮንዛ ከሚለው የነባር ሕዝብ ስም ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም ዘሩን ተቀብሎ የራሱን ምርጫ ካካሄደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ኤምኤን-ክሊርዋተር የተባለውን ዝርያ ለቀቀ።

አሁን ወደ ማዕድ ቤቱ። የመጀመሪያው ሙከራዬ፣ ሻጩ የጻፈውን አምኜ፣ ሙሉ በሙሉ በከርንዛ ዱቄት ያቦካሁት ድፎ ዳቦ ነበር። ሊጡ ሲቦካ ሽታው ልብ ይስባል፤ ማር የነካው ነገር ይመስላል። እርሾውም ሠርቷል፤ አረፋው ይታያል። ሊጡ ግን አረፋውን መያዝ አቅቶት ኩፍ ከማለት ይልቅ ወደ ጎን ተንሰራፋ፤ ኮባ እዚህ ስለማይገኝ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ምድጃ ውስጥ ያስገባሁትም ድፎ ሁለት ጣት የማይሞላ ከፍታ ይዞ፣ መካከሉ እንደ ሸክላ ጭቃ ሆኖ ወጣ። ምክንያቱ የዘር ሐረጉ ነው። ስንዴን ለዳቦ ያበቃው ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚያስተሳስረው ጠንካራ ግሉተን ሲሆን፣ ከርንዛ ውስጥ ግሉተን ቢኖርም ሊጡን የሚያጠነክሩት ትልልቆቹ የግሉተን ክፍሎች በበቂ መጠን አይገኙም። ፍሬው ትንሽ በመሆኑም ከነጩ የውስጥ ክፍል ጋር ሲነጻጸር ፉርሽካው ይበዛል፤ ፉርሽካ ደግሞ ያለውን ጥቂት ትስስር እየቆራረጠ የሊጡን አቅም ያዳክማል።

በሁለተኛው ጊዜ አንድ እጅ ከርንዛ ከሦስት እጅ የዳቦ ዱቄት ጋር ቀላቅዬ፣ ውሃውን ከወትሮው ጨምሬ፣ ፉርሽካው ውሃ እንዲጠጣ ከማቡካቴ በፊት ግማሽ ሰዓት አሳረፍሁት። ይህኛው ሌላ ነገር ሆነ። ድፎው ከፍ ብሎ ተነሣ፣ ቅርፊቱ ጠቆር ያለ ወርቅማ መልክ ያዘ፣ ጥቁር አዝሙዱና ድንብላሉ ከእህሉ ጣፋጭነት ጋር ተስማሙ፤ እናቴም ስለ እንክርዳድ ሳታነሣ ሁለት ቁራሽ በላች። ድርሻውን ወደ ሲሶ ከፍ ሳደርግ አሁንም ይበላል፤ ከዚያ በላይ ግን ባይሞከር ይሻላል።

ሙሉ በሙሉ በከርንዛ ብቻ ሠርቼ የረካሁበት ጨጨብሳ ነው። ቂጣው ዳር ዳሩ ይሰነጠቃል፣ ሲነሣም ይሰበራል፤ ጨጨብሳ ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚሰባበር ነገር ስለሆነ የዱቄቱ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ጉድለት መሆኑ ይቀራል። ንጥር ቅቤና በርበሬውን ሲያገኝ የእህሉ ጣዕም አይዋጥም፤ እንዲያውም ገብስና ማር አንድ ላይ የቀመሱ ያህል ይሰማል። ገንፎውም ዱቄቱ ቀደም ብሎ በደረቅ ምጣድ ላይ መዓዛው እስኪወጣ ድረስ ከተቆላ ጥሩ ነው። ሳይቆላ የሠራሁት ግን ጥሬ ሣር ጥሬ ሣር አለኝ፤ የሣር ልጅ መሆኑን ደብቆ መቆየት አልቻለም። በእንጀራ ላይ ብዙ ጊዜ አላጠፋሁም፤ ከጤፉ ሩቡን በከርንዛ ተክቼ በተለመደው እርሾና አብሲት ጋገርሁት፣ ዓይኑ ሳሳ፣ በማግሥቱም እንጀራው ደረቀ። ጤፍ በሚገኝበት ከተማ ይህን ማድረግ አያስፈልግም።

የፍሬው ነገር ግን ከዱቄቱ እጅግ ይለያል። የስንዴ ቂንጬ ለመሥራት እህሉን መከካት ያስፈልጋል፤ ከርንዛን ግን ትንሽነቱ ራሱ ከድካም ያሳርፋል፣ ሳይከካ እንዳለ ይቀቀላል። አንድ ኩባያ ፍሬ በሦስት ኩባያ ውሃ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ሲበስል እያንዳንዱ ፍሬ ሳይፈርስ ይለሰልሳል፤ ስታኝኩት በጥርስ መካከል የመፈንዳት ጠባይ አለው። በፍስክ በቅቤ፣ በጾም በዘይትና በቀይ ሽንኩርት ሠርቼዋለሁ፤ የጾሙ ይበልጥ ጣመኝ፣ ምክንያቱም ቅቤው የእህሉን ጣዕም ይጋፋል። ቆሎ ለመቁላት የሚያስብ ሰው ዓይኑን ከምጣዱ ላይ መንቀል የለበትም። ፍሬው ቀጭን ስለሆነ ገብሱ ገና ሳይሞቅ እሱ ያርራል፤ ስለዚህ ለብቻው ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ በትንሽ እሳት ቆልቶ፣ ከገብሱና ከሱፉ ጋር መቀላቀል ከወጣ በኋላ ነው። ለጠላ አልሞከርሁትም። ፓታጎንያ የተባለው የልብስ ኩባንያ የምግብ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2016 ከርንዛ የገባበት ቢራ ለገበያ ማቅረቡን ስለማውቅ፣ ብቅል ሊወጣው እንደሚችል እገምታለሁ፤ በዚህ ዋጋ ግን አንድ ጋን ጠላ የሚጠምቅ ሰው ሠርግ እንጂ ማኅበር አይደግስበትም።

ዋጋውን ካነሣሁ፣ እኔ የከፈልሁት ከሙሉ ስንዴ ዱቄት ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ነጋዴውን ለመውቀስ ቸኩዬ ነበር፤ ነገር ግን የሄክታር ምርቱ ከስንዴ በብዙ ያነሰ፣ በትንሽ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ከተወቃ በኋላም ብዙው ፍሬ ከነሽፋኑ ስለሚቀር በማሽን መፈልፈልና መበጠር ያለበት እህል እርካሽ ሊሆን አይችልም። መቀመጫውን እዚሁ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ያደረገው ጄኔራል ሚልስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ከርንዛን በምርቶቹ እጠቀማለሁ ብሎ ካስታወቀ በኋላ፣ የተሰበሰበው እህል ስላነሰ የቁርስ እህሉን በጥቂት ሣጥን ብቻ ለማውጣት ተገዷል። ከፋዩ የሚከፍለው ለጣዕሙ ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከከርንዛ ሥር ያለውን ውሃ ከበቆሎ ማሳ ሥር ካለው ጋር ሲያወዳድሩ፣ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ናይትሬት እጅግ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል፤ ሥሩ ዓመቱን ሙሉ መሬት ውስጥ ስለሚቆይ ማዳበሪያው ወደ ጉድጓድ ውሃ ከመውረዱ በፊት ይቀልበዋል። የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣበት ገጠር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በነጋዴው ላይ ያለኝ እውነተኛ ቅሬታ ሌላ ነው። በዱቄቱ ከረጢት ላይ የተፈጨበት ቀን አልተጻፈም። የከርንዛ ዱቄት ከነፉርሽካውና ከነፅንሱ የሚፈጭ፣ ዘይት ያለበት ዱቄት ስለሆነ በሞቃት ቦታ ከቆየ ይበላሻል፤ የእኔም የመጀመሪያው ከረጢት ሲከፈት የቆየ የኑግ ዘይት የሚመስል ምሬት ነበረው። ለሻጩ ጽፌለት ሳይከራከር ሌላ ላከልኝ፤ ሁለተኛው ደህና ነበር፣ ቀን ግን በእሱም ላይ አልነበረም። ስለዚህ ምክሬ ፍሬውን ገዝቶ በቡና መፍጫ ወይም በቤት ወፍጮ በሚፈለገው መጠን ብቻ መፍጨት፣ የተረፈውንም በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ማስቀመጥ ነው። ለፍሬው ከአምስት አራት፣ ለዱቄቱ ከአምስት ሁለት ተኩል እሰጣለሁ። ግሉተን የማይስማማው ሰው ግን ሁለቱንም እንዳይነካ አደራ እላለሁ፤ «የጥንት እህል» ወይም «የዱር እህል» የሚለው አጠራር ብዙዎችን ሲያሳስት አይቻለሁ፣ የተዳከመ ግሉተን ግሉተን መሆኑ አይቀርም።

አርሲ፣ ኢተያ አካባቢ ስንዴ የሚያመርቱ አጎት አሉኝ። አንድ ቀን በስልክ ስለዚህ እህል ስነግራቸው፣ አንድ ጊዜ ተዘርቶ በየዓመቱ የሚታጨድ መሆኑን ሲሰሙ ወሬዬን አቋርጠው «በሰው እጅ ላኪልኛ፣ ልጄ» አሉኝ። የሚላክ እንዳልሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። ለምግብ የሚሸጠው ፍሬ ለዘር የተዘጋጀ አይደለም፤ ዘርን ያለ ኳራንቲን ፈቃድ ድንበር ማሻገርም ወንጀል ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ሣሩ ለማሸት የክረምት ብርድ፣ ከዚያም የበጋ ረጅም ቀን ይፈልጋል። ሚኒሶታ ላይ በመስከረም ወር አካባቢ ተዘርቶ በረዶ ሥር ይከርምና በቀጣዩ ነሐሴ ግድም ይታጨዳል፤ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን በሚቀርብበት በአርሲ ደጋ ግን ለምለም ሣር ሆኖ ይቀር ይሆናል እንጂ ዛላ ለማውጣት ይቸገራል።

ከዚያ ይልቅ የዚህ ሣር ወገን ለአገራችን ስንዴ የሚጠቅመው በሌላ በር ነው አልኋቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በግንድ ዋግ፣ ማለትም አገዳውን በሚያጠቃው የፈንገስ በሽታ፣ ሲመታ ከተጎዱት ማሳዎች አንዱ የእሳቸው ስለነበር ስለ ዋግ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ዩጂ99 የተባለውን የግንድ ዋግ ከሚቋቋሙት ዘረ-መሎች መካከል ኤስአር26 የሚባለው ወደ ስንዴ የገባው የከርንዛ የቅርብ ዘመድ ከሆነው ከረጅሙ የቲኖፓይረም ሣር ነው። ለዓመታት የመኖር ጠባይ በብዙ ዘረ-መሎች ላይ ስለተበተነ ወደ ስንዴ ለማሻገር መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ድካም አልበቃም፤ በሽታን የመቋቋም ጠባይ ግን አንዳንዴ በአንድ ዘረ-መል ላይ ስለሚቀመጥ፣ ስንዴው ስንዴነቱን ሳይለቅ ከሣሩ ቁራጭ ክሮሞሶም ብቻ ተቀብሎ ሊይዘው ይችላል። እዚህ ሴንት ፖል የሚገኘው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የእህል በሽታ ቤተ ሙከራ ከኢትዮጵያ የሚላኩ የዋግ ናሙናዎችን ይመረምራል፤ ደብረ ዘይት ባለው የምርምር ማዕከል ደግሞ ከአሜሪካ የሚመጡ የዱረም ስንዴ ዘሮች የእኛን አገር ዋግ መቋቋም አለመቋቋማቸው ይፈተሻል።

አጎቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ ከመጀመሪያው ሊጠይቁት የፈለጉትን ጠየቁኝ፦ «ሄክታሩ ስንት ኩንታል ይሰጣል?»

የሚኒሶታው ዝርያ ሰባት ኩንታል ገደማ እንደሚሰጥ፣ ከሦስተኛው ዓመት በኋላም ምርቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነገርኋቸው። ዝም አሉ። በደህና ዓመት ከሠላሳ ኩንታል በላይ ለሚያፍሱ ሰው ምን እንደሆነ ይገባኛል። ቆይተው «ገለባውስ?» አሉ። ይህ ጥያቄ እኔ በሁለት ወር ውስጥ ያላሰብሁት፣ የሚኒሶታ ገበሬዎች ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚያስቡት ነው፤ ተክሉ ረጅም ነው፣ ፍሬው ከተሰበሰበ በኋላ የሚቀረው ድርቆሽ ይሸጣል፣ መልሶ የሚያቆጠቁጠውም ለከብት ይለቀቃል፤ ብዙ ገበሬ ሂሳቡ የሚሞላለት ከእህሉ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ጭምር ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቁና «እንግዲያው እሱ መኖ ነው፤ ፍሬው ምርቃት ነው» አሉ።